ውጤቱ መቼ ይደርሳል? የሕፃናት የቫይረስ ምርመራ ገበያ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቶ በገርጂ በኩል እስከ ሲ.ኤም.ሲ.ና አያት ድረስ ለሚዘልቅ ሰው፣ ከባንክ ቅርንጫፍና ከካፌ ቀጥሎ ዓይኑን የሚይዘው የክሊኒክ፣ የመድኃኒት ቤትና የላቦራቶሪ ማስታወቂያ ነው። ሕንፃ ያለው ያከራያል፣ ገንዘብ ያለው ማሽን ያስመጣል፣ ሙያ ያለው ይመረምራል። የዛሬው ቅኝታችን ከዚህ ሁሉ መካከል አንዷን ዘርፍ መርጧል፤ ሕፃናትን የያዘው ቫይረስ መሆኑንና ምን ዓይነት ቫይረስ እንደሆነ ቶሎ ለይተው የሚናገሩ የምርመራ ዕቃዎችን ገበያ።

ገበያው የሚጀምረው ከእናት እቅፍ ነው። አንዲት የ9 ወር ሕፃን ሌሊቱን ስታተኩስ አድራ፣ ደረቷ እያፏጨ ጠዋት ገርጂ ካለ ክሊኒክ ደረሰች እንበል። ሐኪሙ በማዳመጫው ብቻ ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ለመለየት ይቸገራል። ቫይረስ ከሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ መዘግየት አያዋጣም። የምርመራው ውጤት ከሦስት ቀን በኋላ የሚደርስ ከሆነ አንቲባዮቲኩ አስቀድሞ ይታዘዛል፣ ይገዛል፣ ይዋጣል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ወረቀት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። እንግዲህ በዚህ ገበያ ደንበኛው ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው ሰዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነጋዴው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው ካርቶን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የገንዘብም የሕይወትም ኪሣራ ያስከትላል።

ሦስቱ የሸቀጥ ዓይነቶች

የዕቃዎቹ ስም ቢበዛም በሦስት ጎራ ይመደባሉ።

አንደኛው በተለምዶ «ስትሪፕ» የሚባለው ነው። አሠራሩ ከእርግዝና መመርመሪያው ጋር አንድ ነው። ከአፍንጫ በጥጥ የተጠረገ ፈሳሽ ወይም ጥቂት ሰገራ በአንድ ፈሳሽ ይበጠበጥና ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። በወረቀቱ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል የቫይረሱን ፕሮቲን ካገኘ መስመር ያወጣል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ማሽንም መብራትም አይጠይቅም፤ አብዛኛው ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ክፍል ስለሚቀመጥ ለአዲስ አበባ አየር ተስማሚ ነው። ለኢንፍሉዌንዛ፣ ለኮቪድ፣ ተቅማጥ ለሚያስከትለው ሮታ ቫይረስ፣ እንዲሁም የሕፃናትን ደረት ለሚያፍነው አር.ኤስ.ቪ. ለተባለው ቫይረስ ተሠርቷል።

ድክመቱ ግን ሻጩ የማይናገረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የ159 ጥናቶችን ውጤት የደመረ አንድ ምርመራ እንዳሳየው፣ የኢንፍሉዌንዛ ስትሪፕ በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል የሚያገኘው 62 ያህሉን ነው። ሕፃናት ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ቫይረስ ስለሚያወጡ በእነርሱ ላይ ወደ 67 ከፍ ይላል፤ በአዋቂ ወደ 54 ይወርዳል። የአር.ኤስ.ቪ. ስትሪፕም በሕፃናት ወደ 81 ሲደርስ በአዋቂ ከ30 በታች ነው። በሌላ በኩል መስመር ካወጣ ብዙም አያሳስትም፤ ከጤነኞቹ 100 ሰዎች 97 እና 98 ያህሉን በትክክል «የለም» ይላል። ስለዚህ «አለ» ካለ ይታመናል፣ «የለም» ካለ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ለሕፃናት ክሊኒክ የሚሆነውን ኪት ለአዋቂ ክሊኒክ የሚሸጥ ነጋዴም ደንበኛውን እያሳሳተ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው «ኤሊሳ» ነው። 96 ጉድጓድ ባላት ሳህን ላይ የብዙ ሰው ናሙና በአንድ ጊዜ ይሠራል። ኩፍኝ በአገራችን የሚረጋገጠው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ሥራውን የሚመራው ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። አሠራሩ መገናኛ ላይ እንደሚቆም ታክሲ ነው፤ እስኪሞላ አይንቀሳቀስም። ጥቂት ናሙና ብቻ ይዞ ሳህኑን ማስጀመር ኪሣራ ስለሆነ የመጀመሪያው ሕፃን ናሙና የመጨረሻውን ይጠብቃል። ሥራው ራሱ የጥቂት ሰዓታት ቢሆንም መጠበቁ ቀናትን ይበላል። በዚያ ላይ የኩፍኝ ሽፍታ በወጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የተወሰደ ደም በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

ሦስተኛው ፒ.ሲ.አር. ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ኬሪ ሙሊስ የተባለው አሜሪካዊ ያፈለቀውና በ1993 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይህ ዘዴ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት አባዝቶ ያሳያል። ጥቂት ቅንጣት እንኳ አትሰወረውም። የቀድሞው ዓይነት የተለያዩ ክፍሎች፣ የሠለጠነ ባለሙያና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ይጠይቃል። በኋላ የመጣው የካርትሪጅ ዓይነት፣ እንደ «ጂን ኤክስፐርት» ያለው፣ ሁሉንም ሥራ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከቶ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይጨርሳል። ታክሲው እስኪሞላ ሳይጠብቅ ለአንድ ሰው የሚሄድ ኮንትራት ማለት ነው። እንደ ኮንትራቱም ዋጋው ከፍ ይላል።

ቦሌ በ2012 ምን አየ?

ይህን ገበያ የቦሌ ሰው በደንብ የተዋወቀው በኮቪድ ጊዜ ነው። በጥር 2012 በአገራችን የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምርመራው እዚሁ ተጀመረና መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገለጸ። በ9ኛው ቀን፣ መጋቢት 13፣ ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ የለገሱት ዕቃ ቦሌ አረፈ። ለእያንዳንዱ አገር 20,000 የመመርመሪያ ኪት የተመደበ ሲሆን፣ ዕቃው ከዚህ ወደየአገሩ የተከፋፈለው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። ሚሌኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ፤ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለየ። መስከረም 3 ቀን 2013 ደግሞ ቢ.ጂ.አይ. ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር የተቋቋመው የኮቪድ መመርመሪያ ኪት ፋብሪካ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ተመረቀ።

በዚያ ዘመን ተጓዥ ሁሉ ከበሽታው ነፃ ለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቅ ስለነበር፣ ፒ.ሲ.አር. የነበረው ላቦራቶሪ ደንበኛ አላጣም። ውጤቱ ከበረራው ሰዓት በፊት ካልደረሰ ዋጋ የለውምና የሰዓትን ጥቅም ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የጉዞው ግዴታ ሲነሳ ግን ፈላጊው በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። በእጁ ኪት የከመረ ሰው የመጠቀሚያ ቀኑን እየቆጠረ ቀረ።

ሁለት ነገር ግን አልባከነም። አንደኛው ማሽኑ ነው። ክፍት አሠራር ያለው የፒ.ሲ.አር. ማሽን ሪኤጀንቱ ከተለወጠለት ሌላ ቫይረስም ይመረምራል። ሁለተኛው ሰው ነው። ከአፍንጫ ናሙና መውሰድና ፒ.ሲ.አር. ማንበብ የለመደ ባለሙያ ከዚያ ጊዜ በፊት ከነበረው ይበልጥ ይገኛል። በዚያው ልክ ኢንፍሉዌንዛን፣ ኮቪድንና አር.ኤስ.ቪ.ን በአንድ ናሙና የሚለዩ ጥምር ኪቶች በዓለም ገበያ ላይ ወጥተዋል። የሕፃናት ምርመራ ንግድ ሊቆም የሚችለው በዚህ ቅሪት ላይ ነው።

የዘገየ ውጤት ዋጋው ስንት ነው?

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ለተወለዱ ሕፃናት የሚደረገው ምርመራ ነው። ለአዋቂ የሚያገለግለው የተለመደው የጣት ደም ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ሕፃኑ ደግሞ የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል ወርሶ ስለሚወለድ፣ ቫይረሱ ባይኖርበትም እስከ 18 ወር ድረስ «አለ» ሊባል ይችላል። ስለሆነም ቫይረሱን ራሱን የሚያገኝ ፒ.ሲ.አር. ያስፈልጋል።

18 ወር እንዳይጠበቅ የሚያስገድደው ነገር ከባድ ነው። ቫይረሱ ኖሮባቸው ካልታከሙ ሕፃናት መካከል ግማሽ ያህሉ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ሞቱ የሚበረታውም ከ2ኛው እስከ 3ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው መድኃኒት የጀመሩት ሕፃናት ሞት በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በአገራችን ሕፃኑ የሚመረመረው ለክትባት በሚመጣበት በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ተወስዶ ወፍራም ወረቀት ላይ ይደርቃል።

ያቺ ወረቀት በነጋዴ ዓይን ብትታይ የምትደነቅ ዕቃ ናት። ማቀዝቀዣ አትፈልግም፣ አትሰበርም፣ አትፈስም፣ በፖስታ ትላካለች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሕፃናት ፒ.ሲ.አር. በአገሪቱ ሲስፋፋ ከየጤና ጣቢያው ወደ ላቦራቶሪ የምትጓዘው በዚህ መልክ ነው፤ የኢትዮጵያ ፖስታም ናሙና በማመላለስ ተሳትፏል። ችግሩ የጉዞው ርዝመት ነው። ወረቀቷ ትላካለች፣ ተራ ትይዛለች፣ ትመረመራለች፣ ውጤቱ ይጻፋል፣ ተመልሶ ይላካል። ላቦራቶሪው በ1 ቀን ቢሠራው እንኳ ጉዞው ሳምንታት ከፈጀ በ6 ሳምንቱ የተመረመረው ሕፃን ውጤቱን የሚያገኘው ሞት በሚበረታበት ወር ውስጥ ነው። እናቲቱም በመካከሉ ሰፈር ልትለውጥ ትችላለች። በምሥራቅ አዲስ አበባ ዳርቻ በኪራይ የሚኖር ቤተሰብ ስንት ጊዜ ዕቃውን እንደሚጭን ደላሎቻችን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሕፃናት እዚያው በተገኙበት ጤና ተቋም በሚሠሩ ፈጣን መሣሪያዎች እንዲመረመሩ አጥብቆ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራችን ቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ ተብለው የገቡት የጂን ኤክስፐርት ማሽኖች ካርትሪጁ ከቀረበላቸው ይህን ሥራ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሱታል። እናት ሳትሄድ ውጤቱ በእጇ ይገባል፤ መድኃኒቱም በዚያው ቀን ይጀመራል።

ይህ አገልግሎት በአብዛኛው በመንግሥትና በውጭ እርዳታ የሚሸፈን ስለሆነ ለግሉ ነጋዴ ቀጥተኛ ገበያ አይደለም። ሆኖም ጥር 12 ቀን 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታው ለ90 ቀናት እንዲቆም ሲያዝ፣ በአንድ ለጋሽ ላይ የተንጠለጠለ አቅርቦት ምን ያህል በቀጭን ክር እንደታሰረ ሁሉም አይቶታል።

ዶላሩና ካርትሪጁ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሪኤጀንትና ካርትሪጅ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል እንጂ ከሽንኩርት ጋር አይወርድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በዋዜማው 57 ብር ተኩል ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ።

በመስከረም 2013 የኮቪድ ስትሪፕ ለታዳጊ አገሮች ከ5 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ እንዲቀርብ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደርጎ ነበር። ያንን 5 ዶላር መለኪያ ብናደርገው፣ በ57 ብር ተኩል 287 ብር ከ50 ሳንቲም የነበረው በ100 ብር ስሌት 500 ብር ይሆናል። የሳንባ ነቀርሳ ካርትሪጅ ለታዳጊ አገሮች ከ9 ዶላር ከ98 ሳንቲም ወደ 7 ዶላር ከ97 ሳንቲም የወረደው በመስከረም 2016 ነው። በዶላር 20 በመቶ ቢቀንስም፣ በብር ግን ከ10 ወር በኋላ የመጣው የምንዛሪ ለውጥ ቅናሹን ውጦታል። ይህ ሁሉ የማጓጓዣ፣ የጉምሩክና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር ነው።

ከምንዛሪው የባሰው ግን ቀን ነው። 12 ወር ዕድሜ ያለው ኪት በፋብሪካ መጋዘን፣ በኤልሲ ጥበቃ፣ በጉዞና በጉምሩክ 5 ወር አሳለፈ እንበል። ለሽያጭ የሚቀረው 7 ወር ነው። ገዢው ክሊኒክ በወር 20 ሕፃን የሚመረምር ከሆነ የሚጠቀመው 140 ብቻ ነው። «በብዛት ሲገዛ ይረክሳል» ብሎ 500 ያዘዘ ሰው 360ውን ያቃጥላል፤ አንዱ በ500 ብር ቢታሰብ 180,000 ብር ማለት ነው። ሦስትና አራት ክሊኒኮች ተባብረው ቢያዙ፣ ወይም አስመጪው በየሩብ ዓመቱ እየከፈለ ቢያስገባ ይህ ኪሣራ አይደርስም።

ውሳኔ የሚለውጥ ምርመራ

እያንዳንዱ ፈጣን ምርመራ ገንዘብ ይገባዋል ማለት አይደለም። መለኪያው ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር ይለወጣል ወይ የሚለው ነው። የሮታ ቫይረስን ስትሪፕ እንውሰድ። ክትባቱ ከ2006 ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ ገብቷል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሮታ ኖረበትም አልኖረበትም ዋናው ሕክምናው ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተቅማጥ የሮታ ምርመራ ማዘዝ የወላጅን ኪስ ከማራገፍ ያለፈ ጥቅሙ ጥቂት ነው።

አር.ኤስ.ቪ. ወይም ኢንፍሉዌንዛ መሆኑ በ15 ደቂቃ ሲታወቅ ግን ብዙ ነገር ይለወጣል። ሐኪሙ ሌላ የባክቴሪያ ምልክት ካላየ አንቲባዮቲኩን መተው ይችላል፤ ሕፃኑ ከተኛም ከሌሎቹ ሕፃናት ይለያል። የኩፍኝ ማረጋገጫ ለታመመው ሕፃን ሕክምና ብዙም ባይለውጥ፣ ለሰፈሩና ለትምህርት ቤቱ የክትባት ዘመቻ ደወል ነው። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራው ደግሞ የሕፃኑን ዕድሜ የሚወስን ነው። ሰዓቱ ዋጋ የሚያወጣው በእነዚህ ላይ ነው።

ከወላጅ በኩልም ሁለት ጥያቄ ይበቃል። «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» እና «ውጤቱ አለ ቢል ወይም የለም ቢል ሕክምናው በምን ይለያያል?» ለሁለተኛው መልስ ከታጣ ገንዘቡን መያዝ ነውር አይደለም።

ወደ ገበያው ለሚገቡ

ሻጩ ስለ ማሽኑ ፍጥነት ብዙ ያወራል። ገዢው ግን ከናሙናው እስከ ሐኪሙ ጠረጴዛ ያለውን ጊዜ ይቁጠር። አንድ ሰዓት የሚሠራ ማሽን ካርትሪጅ አልቆበት 2 ወር ከቆመ፣ ፍጥነቱ 2 ወር ከ1 ሰዓት ነው።

መሣሪያውን በነፃ አስቀምጠው ሪኤጀንቱን የሚሸጡ አቅራቢዎች አሉ። ይህ የለስላሳ ኩባንያ ፍሪጁን ለሱቅ ሰጥቶ ጠርሙሱን እንደሚሸጠው ነው። አሠራሩ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ማሽኑ የዚያን ፋብሪካ ሪኤጀንት ብቻ የሚቀበል ዝግ ማሽን ከሆነ ገዢው ከአንድ ሰው እጅ መውጫ የለውም። ከፊርማ በፊት በወር ስንት ኪት የመግዛት ግዴታ እንዳለበት፣ ዋጋው በብር ይሁን በዶላር የታሰረ፣ ሲበላሽ በስንት ቀን እንደሚጠገን በጽሑፍ ይጠይቅ። መለዋወጫው እዚህ ከሌለ ዋስትናው ወረቀት ነው።

ዕቃው በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡና የማስገቢያ ፈቃድ ማግኘቱ ከክፍያ በፊት ይረጋገጥ፤ ኤርፖርት ከደረሰ በኋላ ወረቀት የሚሯሯጥለት ኪት በየቀኑ ዕድሜው ያጥራል። ከዜሮ በታች የሚቀመጥ ሪኤጀንት ከሆነም ከካርጎው እስከ ክሊኒኩ ያለው ሰንሰለት የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይወሰን። የሞቀ ሪኤጀንት ማሸጊያው አይለወጥም፤ ውጤቱ ግን ይዋሻል።

ለክሊኒክ ባለቤቶች ደግሞ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ከገርጂ እስከ አያት ያለ ክሊኒክ ሁሉ ለየራሱ ፒ.ሲ.አር. መግዛት የለበትም። እያንዳንዱ ስትሪፕ ይያዝ፤ ስትሪፑ «የለም» ብሎ ሐኪሙ ሲጠራጠር ናሙናው በሞተር ሳይክል በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ጋራ ላቦራቶሪ ይድረስ፤ ውጤቱ በስልክ ይመለስ። ማሽኑ ሥራ ስለማይፈታ ዋጋው ይወርዳል፣ ሕፃኗም ጠዋት መጥታ ከሰዓት በፊት መልስ ይዛ ትሄዳለች። በዚህ ሥራ ላይ ሊሰማራ የሚችለው የላቦራቶሪ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ናሙና አመላላሹ፣ የቀዝቃዛ ሳጥን አቅራቢውና ማሽን ጠጋኙም እንጀራ አላቸው።

ገርጂ ክሊኒክ ወደ ተውናት የ9 ወር ሕፃን እንመለስ። እናቷ የስትሪፑን የፋብሪካ ስም አታውቅም፣ የምንዛሪውን ሠንጠረዥም አትከታተልም። ጥያቄዋ ያው አንዱ ነው። ለእርሱ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ» ብሎ መልሶ ቃሉን የሚጠብቅ ነጋዴ በዚህ ሰፈር ደንበኛ አያጣም።